ሸርማን ወጥመድ፦ ለአይጥ ሁነኛ፣ ለሽሪው ግን አይበቃም

አይጥና አይጥ መሰል እንስሳትን በሕይወት ይዞ ለማጥናት ብዙ ተመራማሪ እጁ የሚሄደው ሸርማን ወደሚባለው የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። ለደጋና ለደን ሥራ የምንመርጠው ትልቁን ታጣፊ ነው፤ ሲዘረጋ 7.6 በ8.9 በ22.9 ሴንቲ ሜትር ይመጣል። ሲታጠፍ እንደ ደብተር ስስ ይሆናል፣ ስለዚህ ሃምሳ ወጥመድ በአንድ በቅሎ ዳገት ይወጣል። 5 በ6.4 በ16.5 የሆነውን ትንሹን አንመክርም። ጅራተ ረጅም አይጥ ስትገባበት በሩ ጅራቷ ላይ ይዘጋል፤ የጅራት ርዝመት ደግሞ ዝርያ ከሚለይባቸው ልኬቶች አንዱ ነው።

የወጥመዱ ነገር ሁሉ ያለው እንስሳዋ ስትረግጠው በሩን በሚዘጋው መርገጫ ላይ ነው። በሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የብረት ምላስ አለ። በጥልቀት ከተያዘ መርገጫው ይከብዳል፣ ጫፉ ብቻ ሲነካ በትንሽ ክብደት ይወርዳል። 10 ግራም የመዘነ ጠጠር ቀስ ብሎ አስቀምጦ መሞከር ነው፤ በሩ ካልተዘጋ ምላሱን በጥቂቱ መግፋት። ሁለት ሌሊት ካለፈ በኋላ የሚያስቸግረው አፈርና ኩስ ነው፤ መርገጫው ሥር ገብቶ አላስወርድ ይላል። ገልብጦ መምታትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ ይበቃዋል።

ማባበያው የኦቾሎኒ ቅቤና የገብስ ዱቄት ነው። እጅ ላይ የማይጣበቅ እስኪሆን ይታሻል፣ ሽምብራ የምታክል ተደርጎ ከመርገጫው ወዲያ፣ ከኋላው በር ሥር ይቀመጣል። ከዚያ ከበዛ ጉንዳን ይጠራል፤ ጉንዳን የገባበት ወጥመድ ውስጥ ያለች እንስሳ ደግሞ እስኪነጋ አትቆይም። ሰሜንና ባሌ ተራሮች ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው፣ አሉሚኒየም ደግሞ ብርዱን ወዲያው ይቀበላል። ከኋላ አንድ እፍኝ ደረቅ ጓሳ ወይም ጥጥ ማድረግ፣ ከላይ ሣር ማልበስ፣ ውሃ እንዲወርድ ወደ በሩ ትንሽ ማዘንበል ግድ ነው።

የተለመደው አደራደር በ10 ሜትር ርቀት 7 በ7፣ ማለትም 49 ወጥመድ ለ3 ተከታታይ ሌሊት ነው። ጎሕ ሲቀድና ከመምሸቱ በፊት ይታያል። ቀን ቀን መዝጋት ባሌ ላይ ስህተት ነው፤ የቀይ ቀበሮ ዋና ምግብ ከሆኑት አንዷ የሆነችው የሣር አይጥ የምትወጣው በቀን ነውና። ግን ያለ ጥላ የተተወ ወጥመድ ፀሐይ ሲመታው ምድጃ ይሆናል።

ይህ ወጥመድ ለአዲስ ዝርያ ፍለጋ መትቶ ከሚገድለው ወጥመድ የሚሻልበት ዋና ምክንያት አለ። የሚመታው የራስ ቅሉን ይሰብራል፣ በሞተች እንስሳ ላይም ክሮሞሶም (በሴል ውስጥ ያለ የዘር ተሸካሚ) ለመቁጠር የሚያስፈልጉ ሕያው ሴሎች አይገኙም። ሎፉሮሚስ የሚባሉት ባለ ሸካራ ፀጉር አይጦች ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ1888 (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከወጣ ስም ሥር ብዙ ዘመን እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠሩ የቆዩት፣ በ2007 ከመካከላቸው 70 ክሮሞሶም ያላቸው ሦስት አዳዲስ ዝርያዎች ተለዩ፤ አንዷ በመናገሻ ደን ተሰየመች። እነዚህን ከወጥመዱ ሲያወጡ ጅራት መያዝ አይገባም፤ ይበጠሳል፣ ቆዳቸውም ይቀደዳል። የጨርቅ ከረጢት በበሩ ላይ አጥልቆ መገልበጥ ነው።

ድክመቱ ሽሪው ላይ ነው። ሽሪው አፍንጫዋ የሾለ፣ ነፍሳት የምትበላ ፍጥረት ናት፤ ለኦቾሎኒ ግድ የላትም፣ መርገጫውንም ብዙ ጊዜ ሳታስወርድ ረግጣው ትወጣለች። ከሰሜን ተራሮች ተገኝታ በ2024 ስም የተሰጣት ክሮሲዱራ ስታንሌዪ 3 ግራም ያህል ብቻ ትመዝናለች። ይህችን የመሰለች እንስሳ በሸርማን ልያዝ ማለት ከንቱ ድካም ነው። ስለዚህ በሸርማን ብቻ የተሠራ የዝርያ ዝርዝር ሽሪው ጎድሎት ሲወጣ «የለም» ብሎ መጻፍ ተገቢ አይደለም። ጎን ለጎን 15 ሊትር የሚይዙ 11 ባልዲዎች በ5 ሜትር ርቀት አፋቸው ከመሬት እኩል ሆኖ ይቀበሩ፤ በላያቸው 50 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው የፕላስቲክ አጥር ይሳብ፤ ዝናብ እንዳያሰጥም ሥራቸው ይበሳ። የሽሪው ሆድ ረሃብ ስለማይችል ባልዲው በጠዋት መታየት አለበት።

የወንዝ ዳርንም አትለፉት። ኒሎፔጋሚስ የምትባለው የውሃ አይጥ የምትታወቀው በ1927 ከግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ በተያዘች አንዲት ናሙና ብቻ ነው። እዚያ የሚቀመጥ ወጥመድ ደራሽ እንዳይወስደው ከድንጋይ ጋር በሲባጎ ይታሰር።

ሲመለሱ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር አድርጎ ማጠብ፣ ወዲያው በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅ፤ በረኪና አሉሚኒየም ይበላል። ሳይደርቅ አይታጠፍ። የማጠፊያው ሽቦ ከተጣመመ በፒንሳ ይቃናል፤ ሞላው የላላ ግን ለሌሊቱ ሥራ አይሆንምና ከአሥሩ አንድ መለዋወጫ ይዞ መውጣት ነው።