ኮሎራዶ ላላችሁ አዳኞች፦ እኚህን ሽማግሌ ሳታዩ ሌላ ጥይት አትግዙ

ከዴንቨር ወጣ ብላ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በቤታቸው ጋራዥ ውስጥ ጠብመንጃ የሚጠግኑ አንድ ሽማግሌ አሉ። ዛሬ እሳቸውን በአደባባይ ላመሰግን ነው። አውሮራም ሆነ ዴንቨር ያላችሁ፣ ለአደን ወይም ለኢላማ ተኩስ ጠብመንጃ የያዛችሁ ወገኖቼ፣ እባካችሁ አንብቡት። ብዙ ገንዘብና ብዙ ንዴት ያተርፍላችኋል።

ኤልክ አደን ያስለመደኝ የሥራ ባልደረባዬ ነው። ኤልክ ትልቅ የአጋዘን ዘር ነው። ያመሰኳል፣ ሰኮናውም ስንጥቅ ነው፤ ስለዚህ ይበላል። (ባለቤቴ "በስመ አብ ሳይባል በጥይት የሞተ" እያለች እስካሁን ታንገራግራለች፤ እሱ የቤታችን ጉዳይ ነው።) ወቅቱ ለእኛ ይመቻል። በጠብመንጃ የሚታደነው ከጥቅምት ጀምሮ ስለሆነ፣ ከቀናህ ህዳር 15 ጾመ ነቢያት ሳይገባ ሥጋው ቤት ይደርሳል።

ችግሩ ጠብመንጃዬ አይመታም ነበር። ዓይነቱ አሜሪካኖች ከ1906 ጀምሮ የሚያውቁት ሠላሳ ዜሮ ስድስት ነው፤ ስንት አዳኝ የተማመነበት። የእኔው ግን መቶ ያርድ ላይ አንዱን ጥይት ወደ ላይ፣ ሌላውን ወደ ጎን ይልከዋል። እንዲህ ባለ መሣሪያ እንስሳ ላይ መተኮስ ነውር ነው። አቁስለህ ጫካ ውስጥ ትለቀዋለህ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን አበሳ ባልናገረው ይሻላል። ግን ልናገር። ስሙን የማልጠራው አንድ ሱቅ መጀመሪያ ውድ ጥይት ሸጠልኝ። አልሆነም። የባሰ ውድ ሸጠልኝ። እሱም አልሆነም። "ማነጣጠሪያ መነጽሩ ነው፣ ቀይረው" አሉኝ፤ ቀየርኩ። ቀጥሎ ደግሞ "በርሜሉ አልቋል" ተባልኩ። ይሄ ሁሉ እ.ኤ.አ. በ2020 ጥይት ከየመደርደሪያው ጠፍቶ ዋጋው ጣሪያ የነካ ጊዜ ነው። ከሁሉ ያንገበገበኝ፣ ሻጩ አነጋገሬን ሰምቶ "ምናልባት ችግሩ ከተኳሹ ይሆናል" ብሎ ጓደኛውን ጠቀሰው። ሌላ ቦታ ወሰድኩት። እዚያ ደግሞ ወራት አስቀምጠው፣ ምንም ሳይነኩት "ለምርመራ" ብለው አስከፈሉኝ። ሆዴ ቆረጠ። ልሸጠው ነበር።

እኚህ ሰው ግን ስለ ጥይት አንድም ነገር አልጠየቁኝም። ጠብመንጃውን ጠረጴዛ ላይ አጋደሙት፣ መነጽሩን ያዝ አድርገው ነቅነቅ አደረጉት፣ ዝም አሉ። ከዚያ መፍቻ አንስተው መነጽሩን ተሸክሞ የያዘውን ብረት ፈቱት። ከሥሩ ያለው ብሎን ላልቷል። በጣት ይዞራል! ያ ሁሉ ባለሙያ ነኝ ባይ መነጽር ሲያስቀይረኝ ብሎኑን ያየ የለም። አጠበቁት። ስንት ልክፈል ስላቸው "ልጄ፣ ለብሎን ገንዘብ አልቀበልም" አሉኝ። እኔ በበኩሌ የዚያን ቀን ሰው አገኘሁ።

ብሎኑ ብቻውን ብዙ ለወጠው። የቀረውን ያስተካከለው የእጅ ጥይት ነው፤ ማለትም የተተኮሰውን ቀለህ በእጅ እንደገና መሙላት። እሳቸው ሞልተው አይሸጡም፤ ለመሸጥ የፌዴራል ፈቃድ ያስፈልጋል። ለራስህ መሙላት ግን ፈቃድ አይጠይቅም፤ እሱን ነው የሚያስተምሩት። የተተኮሰው ቀለህ ይጸዳል፣ ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ከሥሩ አዲስ መቀጣጠያ ይገባል፣ ባሩድ ተመዝኖ ይጨመራል፣ አረሩ ከላይ ይቀመጣል። ለምን እንዲህ፣ ለምን እንዲያ ብላችሁ እኔን አትጠይቁኝ፤ ግማሹ አልገባኝም። የገባኝ፣ ባሩዱ የሚመዘንበት ግሬን የሚባለው ልክ 7,000ው ተደምሮ አንድ ፓውንድ የሚሆን መሆኑ ነው። ሽማግሌው የዚያችን አንድ አሥረኛ ይመዝናሉ። የባሩድ አምራቾቹ ካሳተሙት መጽሐፍ ንቅንቅ አይሉም፤ ከዝቅተኛው ይጀምራሉ፣ ቀስ እያሉ ይወጣሉ።

አንድ ነገር ግን መቼም አልረሳም። ባሩድ እየሞሉ ሳለ ስልካቸው ጮኸ፤ ባለቤታቸው ናቸው። ሁለት ቃል ተነጋግረው ዘጉት። ከዚያ የሞሏቸውን ቀለሆች በሙሉ አንድ በአንድ ወደ ባሩዱ ቆርቆሮ ገለበጡ። "የቱ ጋ እንደደረሱ እኮ ይታያል" አልኳቸው። "ይታያል፤ ግን የተቋረጠ ነገር ላይ አልቀጥልም" ብለው ከመጀመሪያው ጀመሩ። አንድ ቀለህ ሁለቴ ቢሞላ ፊትህ ላይ ሊፈነዳ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጋ ነው እጄን ማስገባት የምፈልገው።

በመሃል ጨዋታ ተነሳ። አያቴ ጎጃም ውስጥ ቀለህ እንደ ብር ያስቀምጡ እንደነበር፣ ድሮ በሀገራችን የወጅግራ ጥይት እንደ ገንዘብ ይመነዘር እንደነበር ነገርኳቸው። ወጅግራን ያውቁታል! ፈረንሳዮች በ1874 ያወጡት ግራስ መሆኑን እሳቸው ናቸው ለእኔ የነገሩኝ። ትምህርቱ ቀርቶ ስለ ዓድዋ ሲጠይቁኝ አመሸን።

ውጤቱን ልንገራችሁ። የባሩድ መጠናቸው የተለያየ ጥይቶች አዘጋጅተን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ ኢላማ ላይ ተኮስን። የአንዱ ዓይነት ጥይቶች አንድ ቦታ ላይ ተሰብስበው መቱ። ሦስቱን ቀዳዳ በአንድ ኳርተር ሳንቲም ሸፈንኩት። ያው ጠብመንጃ፣ ያው "አልቋል" የተባለው በርሜል! መጠኑ ስንት ነው አትበሉኝ። ለማንም እንዳልናገር አስጠንቅቀውኛል፤ ለእኔ ጠብመንጃ የተስማማው ለእናንተው አደጋ ሊሆን ይችላል።

በድጋሚ እላለሁ፣ ሂዱ። የጥይት መሙያ መሣሪያ ግዙ አይሏችሁም፤ በራሳቸው ያሠሯችኋል፣ ከወደዳችሁት በኋላ ትገዛላችሁ። አድራሻቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ ሁሉ እልካለሁ፤ እዚህ እንዳልለጥፈው ጠይቀውኛል። ከመስከረም በፊት ቀጠሮ ያዙ፣ አደን ሲቃረብ ጊዜ የላቸውም። የተኮሳችኋቸውን ቀለሆች አትጣሉ፣ ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ አልቀበልም ካሏችሁ ደግሞ የተቆላ የይርጋጨፌ ቡና ውሰዱላቸው፤ እሱን እምቢ አይሉም።