በአራት ኪሎ ግቢ የቆመው ተሳቢ፦ የድንኳን አልጋዎቹ አዘረጋግና አስተጣጠፍ

ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በሚከፈተው የሠርግ ወቅት እኅቴን ስንድር፣ ከባሕር ዳርና ከደሴ የሚመጡትን ስድስት ዘመዶቻችንን የት እናሳድራቸው የሚለው ጥያቄ ከድግሱ ዝግጅት ባልተናነሰ አሳስቦን ነበር። ቤታችን ከአራት ኪሎ ወደ ቀበና በሚወርደው መንገድ ገባ ብሎ የሚገኝ አሮጌ ቤት ነው፤ ክፍሎቹ ጥቂትና ጠባብ ቢሆኑም ግቢው ሰፊ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለገሃር አካባቢ የካምፒንግ ተሳቢ፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት ማደሪያ፣ የሚያከራይ ድርጅት መኖሩን ሲነግረኝ፣ ለጉዞ ሳይሆን በግቢያችን ለማቆም፣ ከዓርብ እስከ ሰኞ ለሦስት ሌሊት አንድ ሃይብሪድ ተሳቢ ተከራየሁ። ኪራዩ ሁለት የእንግዳ ማረፊያ ክፍሎች ለሦስት ሌሊት ከሚጠይቁት ጥቂት የሚያንስ ሲሆን፣ ማምጣትና መመለስን ይጨምራል።

ሃይብሪድ የሚባለው ተሳቢ ግማሹ ቤት፣ ግማሹ ድንኳን ነው። መካከለኛው ክፍል ጠንካራ ግድግዳና ጣሪያ አለው፤ የፊትና የኋላ ግድግዳዎቹ ግን ከታች በማጠፊያ ተይዘው ወደ ውጭ የሚወርዱ ሰሌዳዎች ናቸው። ሰሌዳው ሲወርድ የአልጋ ወለል ይሆናል፤ ከውስጥ ተጣጥፎ የነበረው ሸራ ደግሞ ቀስት በመሰለ የአሉሚኒየም ቧንቧ ተወጥሮ በአልጋው ላይ ትንሽ ድንኳን ይሠራል። በመንገድ ላይ አጭር ሆኖ የሚጎተተው ተሳቢ ሲቆም ሁለት ሰፋፊ አልጋዎች ይጨምራል ማለት ነው። የእኛው ከፊት ሁለቱን አክስቶቼን፣ ከኋላ አንዲት እናት ከሁለት ልጆቿ ጋር፣ በመካከል ባለው ወደ አልጋ በሚለወጥ ሶፋ ላይ ደግሞ አጎቴን አስተኝቷል።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሁለት ሠራተኞች ተሳቢውን አምጥተው ሲያቆሙ ከጎናቸው አልተለየሁም። ግቢያችን ተዳፋት በመሆኑ በመጀመሪያ የጎማዎቹን ሥር በታኮ አስደገፉ፤ ዝቅ ባለው ጎን ጎማ ሥር ጣውላ አስገብተው የግራና የቀኙን፣ በፊት ባለው ክሪክ ደግሞ የፊትና የኋላውን ከፍታ በውሃ ልክ አስተካከሉ፤ ከዚያ በኋላ ብቻ አራቱን የማዕዘን እግሮች ወደ መሬት አወረዱ። እነዚህ እግሮች ተሳቢው እንዳይወዛወዝ የሚይዙ እንጂ የሚያነሡት አይደሉም፤ በእነርሱ ከፍታ ለማስተካከል የሚሞክር ሰው የተሳቢውን አካል ያጣምማል። አካሉ ከተጣመመ የአልጋው ሰሌዳ በፍሬሙ ውስጥ በትክክል አይገባም፤ ችግሩ የሚታየው ግን በሚዘረጋበት ዕለት ሳይሆን በሚታጠፍበት ዕለት ነው። ሠራተኞቹ በዚህ ሥራ ላይ ያሳዩትን ጥንቃቄ ከልብ አደንቃለሁ።

የአልጋዎቹ መዘርጋት ግን ከጠበቅሁት በላይ ፈጣን ነበር፤ መፍጠኑ ራሱ ጉዳት አስከትሏል። ሁለቱ ሠራተኞች በግራና በቀኝ ቆመው መቆለፊያዎቹን በአንድ ጊዜ ከፈቱ፤ ሰሌዳውን በዝግታ አወረዱ፤ ከሥሩ ሁለት የብረት ድጋፎችን አስገብተው በፒን አሰሩ። አንደኛው ወደ ውስጥ ገብቶ ቀስቱን ወደ ላይ ገፍቶ ሸራውን ወጠረ። የቀረው ሥራ የሸራውን የታችኛ ጠርዝ ከሰሌዳው ውጭ አውርዶ በላስቲክ ገመድና በመንጠቆ ከሰሌዳው ሥር ማያያዝ ነበር። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ የአልጋው ደረቅነት በሙሉ የተመሠረተበት ነው፤ ሸራው ከሰሌዳው ጠርዝ አልፎ ወደ ታች ከተንጠለጠለ የዝናቡ ውሃ መሬት ላይ ይንጠባጠባል፤ ጠርዙ ላይ ካረፈ ግን ውሃው ተከትሎት ወደ ፍራሹ ይገባል። በኋለኛው አልጋ በአንድ ጎን ሦስት መንጠቆዎች ሳይያያዙ መቅረታቸውን ያወቅነው ማታ ነው።

የሚያዝያ ዝናብ እንደ ልማዱ ድንገት መጣ። የፊተኛው አልጋ አንዲት ጠብታ አላስገባም። በኋለኛው ግን የፍራሹ ዳር ክንድ በሚያህል ስፋት ራሰ፤ ልጆቹን ወደ ቤት አስገብተን መሬት ላይ ማስተኛት ግድ ሆነ። በእጅ ባትሪ እየተመለከትን መንጠቆዎቹን ራሳችን ስናያይዝ ውሃው ወዲያው ቆመ። የዕቃው ጥራት ሳይሆን የሦስት መንጠቆዎች መረሳት ያስከተለው ችግር መሆኑን ስለማምን ተሳቢውን አልወቅስም፤ አከራዩ ግን ሠራተኞቹ ከመሄዳቸው በፊት ሰሌዳውን ዙሪያውን በእጃቸው እንዲዳስሱ ማድረግ አለበት።

ስለ ሸራው ጥቂት ልጨምር። ጣሪያው ውሃ እንዳያስገባ በፕላስቲክ የተለበጠ ሲሆን፣ ጎኖቹ ጥጥ የበዛበት ሸራ ናቸው። እንዲህ ያለው ሸራ ሲርስ ክሮቹ አብጠው ቀዳዳዎቻቸውን ስለሚደፍኑ ዝናቡን ይመልሳል፤ በዝናብ ሰዓት ከውስጥ ትራስ ወይም ክንድ ከተደገፈበት ግን ውሃው በዚያው ቦታ ይመጣል። በሚቀጥለው ሌሊት ፍራሾቹን ከሸራው አራት ጣት ያህል አራቅናቸው፤ ልጆቹም ግድግዳውን እንዳይነኩ ነገርናቸው። አክስቶቼ ደግሞ ብርዱን ፈርተው በመጀመሪያው ሌሊት የሸራውን መስኮቶች በሙሉ ዘግተው ስለነበር፣ ሲነጋ የእስትንፋሳቸው እርጥበት በጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ተገኘ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ የሚያዝያ ሌሊት ቀዝቃዛ መሆኑ እውነት ነው፤ መፍትሔው ግን በየጎኑ አንድ መስኮት በጥቂቱ ከፍቶ ጋቢ መደረብ ነው። ፍራሾቹ ቀጫጭን ናቸው፤ ከዚያ በቀር ስለ እንቅልፉ ቅሬታ ያሰማ እንግዳ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ማጠፍ ደረሰ። ውሉ ተሳቢው ታጥፎ ለጎታቹ መኪና ተዘጋጅቶ እንዲጠብቅ ያዛል፤ ዓርብ ዕለት ሠራተኞቹ ስለ ማጠፉ የነገሩን ግን «እንደ ተዘረጋው ወደ ኋላ መመለስ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር። ይህ ትክክል አይደለም። ሲዘረጋ ሸራው በክብደቱና በቀስቱ ግፊት ራሱ ቦታውን ይይዛል፤ ሲታጠፍ ግን እያንዳንዱን እጥፋት ሰው ካልመራው በማጠፊያውና በሰሌዳው ጠርዝ መካከል እየገባ ይቀረቀራል።

የረዱን የዕድራችንን ዕቃ ለረጅም ዓመታት የጠበቁ ጎረቤታችን ናቸው። ገና ተሳቢውን ሲያዩ «ልጄ፣ ዛሬ ሸራው ሳይደርቅ እንዳታጥፊው፤ የዕድሩን ድንኳን በእርጥቡ አጥፈን አንድ ክረምት ሙሉ ሻጋታ ስንፍቅ ከርመናል» አሉኝ። እሑድ ማታ ዘንቦ ስለነበር ሁለቱንም አልጋዎች እንደ ተወጠሩ ትተን፣ መስኮቶቻቸውን ከፍተን እስከ አራት ሰዓት ፀሐይ እንዲያገኛቸው አደረግን። የላይኛው ገጽ ቶሎ ደረቀ፤ በስፌቶቹና ላስቲኩ በሚያልፍባቸው እጥፋቶች ያለው እርጥበት ግን ብዙ ስለቆየ በደረቅ ፎጣ ደጋግመን ጠረግነው። እርጥብ ሸራ በጨለማ ተጣጥፎ ሁለት ቀን ከቆየ ሻጋታ ሊጀምረው ይችላል፤ ሻጋታው የጥጡን ክር እየበላ ውሃ የመመለስ ኃይሉን ስለሚያጠፋም የሚቀጥለው ተከራይ ዝናብ ውስጥ ይተኛል።

በመጀመሪያው ሙከራችን የፊተኛው ሰሌዳ ተነሥቶ ከፍሬሙ ጋር ሊገናኝ አራት ጣት ሲቀረው ቆመ። የአጎቴ ልጆች በትከሻቸው ሊገፉት ሲሉ ጎረቤታችን በቁጣ አስቆሟቸው። መልሰን ስንከፍተው የቀስቱ አንድ እግር ከሸራው እጥፋት ወጥቶ በፍሬሙ ላይ ተደግፎ፣ በሥሩ የተያዘውን ሸራ የጣት ጫፍ በሚያህል ስፋት ቀዶት አገኘነው። ሁለት ጊዜ ቢገፋ ኖሮ ቧንቧው ራሱ ይጎብጥ ነበር።

ሁለተኛው ሙከራ በጥንቃቄ የተደረገ ነው። ፍራሹንና አልጋ ልብሱን በሙሉ ከአልጋው አንሥተን ወደ መካከለኛው ክፍል አስገባን። የተሳቢውን በርና የጣሪያውን የአየር መውጫ ከፈትን፤ ይህ ካልሆነ በሸራው ውስጥ የታፈነው አየር እንደ ፊኛ ይነፋውና ወደ ውጭ ይገፋዋል። አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ ቀስቱን አስተኝቶ እግሮቹ በሰሌዳው ላይ መቀመጣቸውን ካረጋገጠ በኋላ፣ ከውጭ ያለነው መንጠቆዎቹን ፈትተን የሁለቱን ጎኖች ሸራ ወደ መካከል አጠፍን፤ ድጋፎቹን የነቀልነውም ሁለት ሰዎች ሰሌዳውን ከያዙ በኋላ ነው። ሰሌዳው በዝግታ ሲነሣ የውስጡ ሰው ሸራውን በሁለት እጁ ወደ ራሱ እየሰበሰበ አስገባው፤ እኔ ደግሞ ዙሪያውን እየዞርኩ በፍሬሙ ጠርዝ ባለው የጎማ ማሸጊያ ላይ የቀረ ጨርቅ አለመኖሩን በጣቴ ዳሰስኩ። መቆለፊያዎቹ በአውራ ጣት ግፊት ብቻ ተዘጉ። የኋለኛውን በአንድ ሙከራ በ15 ደቂቃ ጨረስን።

ድርጅቱ ስለ ቀዳዳው ከመያዣው ገንዘብ ላይ እንደሚቆርጥ ሲነግረኝ ተቃወምሁ፤ ያላስተማሩኝን ሥራ በእኔ ኪሳራ እንዳልማር ነበር ክርክሬ። ሥራ አስኪያጇ በትሕትና አዳመጡኝ፤ መርካቶ ሸራ ተራ የሚጠየቀውን የማስጠገኛ ዋጋ እኩል እንድንካፈል ተስማማን። ይህን አያያዝ ፍትሐዊ ብዬ እቀበለዋለሁ። ተሳቢው ንጹሕ ነው፤ አቅርቦቱም በሰዓቱ ነው፤ ግቢ ላለውና ብዙ እንግዳ ለሚጠብቅ ቤተሰብ ከልብ የምመክረው አገልግሎት ነው። ሆኖም ውል ከመፈረማችሁ በፊት አንዱን አልጋ በድርጅቱ ግቢ ውስጥ ራሳችሁ አጥፋችሁ እንድትዘጉት ጠይቁ፤ ከሁለት ሰው በታች ሆናችሁም አትሞክሩ። ዝናብ ባለበት ወር ከሆነ የመመለሻው ሰዓት ከቀትር በኋላ እንዲሆን በውሉ ላይ አስጽፉ፤ የጠዋት ፀሐይ የምታስፈልገው ለሸራው ነው።

ተሳቢው ለገሃር ሲደርስ ከዓርቡ ሠራተኞች አንዱ የፊተኛውን አልጋ መልሶ አወረደና መዳፉን በታችኛው ስፌት ላይ አሳለፈ። በግራው ማዕዘን፣ ፎጣችን ባልደረሰበት እጥፋት፣ ገና እርጥበት ነበር። ቀስቱን ወጥሮ፣ መስኮቶቹን ከፍቶ፣ ለቀዳዳው ምልክት አድርጎበት ፀሐይ ላይ ተወው።