የዝዋይ ሐይቅ ወፎችና ጠዋታችንን የበላብን አስጎብኚ ድርጅት

በጥቅምት ወር ወደ አገር ቤት ስመጣ ከዘመድ ጥየቃው ጎን ለጎን ለራሴ የያዝኩት አንድ ዕቅድ ነበር። ከባለቤቴ ጋር ባቱ ወርደን፣ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ የሚመጡትን ፍልሰተኛ አዕዋፍ ሙያውን ከሚያውቅ አስጎብኚ ጋር በዝዋይ ሐይቅ ዳርቻ ማየት። የምንኖረው ደቡብ ስዊድን ውስጥ ሲሆን ፋልስተርቦ የሚባለው የባሕር ጫፍ ከከተማችን ሩቅ አይደለም። ነሐሴ ሲያልቅና መስከረም ሲገባ የአገሩ ሰው እዚያ ተሰልፎ ወደ ደቡብ የሚሻገሩትን ወፎች ያያል፤ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮም በየዓመቱ በወጉ ይቆጠራሉ። እኔም አብሬ እየቆምኩ ወፎቹ ከባሕሩ በላይ ከዓይኔ ሲጠፉ፣ የእነሱ ዘር የሆኑት ከጥቂት ሳምንት በኋላ የእኛን ሐይቆች እንደሚያዩና እኔ ግን እዚያው ብርድ ውስጥ እንደምቀር እያሰብኩ ሆዴ ይባባል። ስለዚህ ይህ ጉዞ ለእኔ ተራ መዝናኛ አልነበረም።

ጉዞውን ያዘጋጀልን አዲስ አበባ የሚገኝ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ነው። በነፍስ ወከፍ 190 ዶላር ከፍለን፣ መኪና፣ የወፍ ባለሙያ፣ ቴሌስኮፕ፣ የአንድ ሌሊት ማደሪያ፣ የሐይቅ ጀልባና የአብያታ ሻላ ፓርክ መግቢያ ሁሉ በዋጋው ውስጥ እንዳሉ በጽሑፍ አረጋገጡልን። ከሁሉም በላይ አጥብቄ የጠየቅኩት ሰዓቱን ነበር። በውሃ ዳር የሚመገቡት ትናንሽ ወፎች ጥርት ብለው የሚታዩት በማለዳ ነው፤ ፀሐይ ከበረታች በኋላ ከመሬት የሚነሣው ወላፈን በቴሌስኮፕ የሚታየውን ሁሉ ያርገበግበዋል፣ ከቀትር በኋላ ደግሞ ነፋሱ ሐይቁን ያናውጠዋል። በዚህ ምክንያት ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥተን 1 ሰዓት ላይ ሐይቁ ዳር ለመድረስ ተስማማን።

መኪናው የመጣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ሻንጣችንን ይዘን በር ላይ ቆመን ስንደውል፣ አንዴ ስልኩ አይነሣም፣ አንዴ «ደርሷል፣ መንገድ ላይ ነው» እንባላለን፤ በመጨረሻ «የኔ እናት፣ ትንሽ ይታገሡን፣ ሾፌሩ የነዳጅ ሰልፍ ይዞት ነው» ተባልኩ። የነዳጅ ሰልፍ መኖሩን አገሩን የሚያውቅ ሁሉ ያውቀዋል፣ ድርጅቱ ግን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ በሌሊት ለሚነሣ መንገደኛ መኪናው ማታውኑ ተሞልቶ ያድራል እንጂ ጎህ ሲቀድ ሰልፍ አይያዝም። ከተሳፈርን በኋላም ቀጥታ አልሄድንም። ሳይነገረን ላንጋኖ የሚወርዱ ሌሎች እንግዶች ተደርበውብን ኖሮ፣ ሆቴላቸው ድረስ ሄደን ቁርሳቸውን እስኪጨርሱ ጠበቅን። ከከተማ ስንወጣ 3 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ከሞጆ በኋላ ያለው አዲሱ የፍጥነት መንገድ እንኳ የጠፋውን ሰዓት ሊመልስልን አልቻለም፤ ባቱ ስንገባ ልክ ቀትር ነበር።

ቅሬታዬን ለድርጅቱ በስልክ ሳሰማ የተሰጠኝ መልስ «ንስሮቹ የሚነሡት ሲሞቅ ነው፣ ምንም አልቀረብዎትም» የሚል ነው። ስለ ንስሮቹ የተባለው እውነት ነው፤ እኛ ግን የከፈልነው ለንስር ብቻ አልነበረም፣ ሰማዩ ላይ የሚያንዣብበውን ለማየትም የግድ ዕውቀት ያለው ሰው ያስፈልጋል። ባለሙያ ተብሎ የመጣው ወጣት ትሑትና ጨዋ ልጅ ነው፤ ስለ ላሊበላና ስለ ጎንደር ቢጠየቅ ያለ ጥርጥር በደንብ ይናገራል። ወፍ ግን አያውቅም። ረጅም እግር ያለው ሁሉ ለእሱ ሽመላ ነበር። ቴሌስኮፑ መኪናው ውስጥ አልነበረም፣ «ሌላ ቡድን ይዞት ሄዷል» አለን። በልጁ ላይ ቂም የለኝም፤ በማያውቀው ሥራ ላይ አሰማርቶት በእሱ ስም የባለሙያ ዋጋ የተቀበለውን ድርጅት ነው የምወቅሰው።

ከዚህ ሁሉ ያንገበገበኝ ግን የጀልባው ጉዳይ ነው። ጀልባ መነሻው ላይ ስንደርስ፣ በዋጋው ውስጥ ያለው የጀልባ ክፍያ ለኢትዮጵያውያን የሚሠራ ስለሆነ የውጭ ፓስፖርት ለያዝነው ለእኛ 9,000 ብር መጨመር እንዳለብን በስልክ ተነገረን። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያችንን ብናሳይም «የሚታየው ፓስፖርቱ ነው» ተባልን። ወዲያው ባለቤቴ ከዛፍ ሥር የቆመች ሰሌዳ አየ። ዋጋው በጀልባ እንጂ በተሳፋሪ ዜግነት የተለየ አልነበረም፤ እስከ 6 ሰው የሚይዝ ጀልባ ለግማሽ ቀን 3,500 ብር ይላል። ሰሌዳውን ፎቶ አንሥቼ ብልክላቸው፣ ጭማሪውን ካልከፈልን የጀልባው ጉዞ እንደሚሰረዝ በአጭሩ ጻፉልኝ። አልከፈልንም፣ ተሰረዘ። የተወለድኩበት አገር ውሃ ዳር ቆሜ፣ በዶላር ከከፈልኩ በኋላ፣ ዳግመኛ እንደ ባዕድ መተመኔ ከገንዘቡ ይልቅ አሳመመኝ። ስዊድን ውስጥ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ወፍ ለማየት ስቆም ከየት እንደመጣሁ ጠይቆ ዋጋ የቀየረብኝ የለም።

ሌሎቹ እንግዶች ወደ ላንጋኖ ሲያልፉ እኛ ከሰዓቱን ያለ ሥራ አሳለፍነው። አመሻሹ ላይ ወደ ጀልባ መነሻው ተመልሰን ስንጠይቅ፣ ከጀልባ ነጂዎቹ ማኅበር አንድ ወጣት አስጎብኚ አገናኙን። በየዓመቱ በጥር በሚደረገው የውሃ ወፎች ቆጠራ ላይ እንደሚሳተፍ ነገረን። ለጀልባው የሰሌዳውን ዋጋ፣ ለእሱ ደግሞ 1,500 ብር ተስማማን፤ ለሁለቱም ደረሰኝ ሰጠን። በማግስቱ 12 ሰዓት ላይ ከእኛ ቀድሞ ደርሶ፣ ተንሳፋፊ ጃኬቶቹን አውጥቶ ቴሌስኮፑን ተክሎ አገኘነው።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን በሙሉ ብጽፈው አያልቅም። ዓሣ አጥማጆቹ ቆሮሶ ሲያጸዱ ፔሊካኖችና አባ ኮዳዎች እግራቸው ሥር ይሻማሉ፤ ይህን ማንም ጎብኚ ያያል። ወጣቱ ግን ከዚያ አልፎ ከፊላው ጀርባ ወዳለው ጭቃ ወሰደን። ከብቶቹ በሚግጡበት ጠርዝ ላይ ጅራታቸውን የሚወዘውዙ ቢጫ ወፎች በሰኮናዎቹ መካከል እየተሯሯጡ ዝንብ ይለቅማሉ፣ ፈንጠር ብሎ ራፍ የተባለው የሰሜን ወፍ መንጋ ጭቃውን ይወጋል። የዚህ ወፍ ወንዱ በስካንዲኔቪያና በሩሲያ ረግረጎች በመራቢያ ወቅቱ አንገቱ ዙሪያ ትልቅ የላባ አንገትጌ ያበቅላል፤ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ላባው ረግፎ ቡናማ ሆኖ ስለሚታይ ብዙ ሰው ልብ አይለውም። ወጣቱ በቴሌስኮፑ አነጣጥሮ «እትዬ፣ ይኸኛው ወንዱ ነው፣ ከጎኑ ካለችው በቁመት ይበልጥ እንደሆነ ይመልከቱ» ሲለኝ፣ እውነትም ወንዱ ከሴቷ ጉልህ ብሎ ይበልጣል። ከእነሱ እግር ሥር ደግሞ ከድንቢጥ የማይበልጥ ክብደት ያላት ሊትል ስቲንት እንደ ልብስ ስፌት መኪና መርፌ ጭቃውን ሳታቋርጥ ትወጋዋለች። ይህች ወፍ የምትፈለፈለው በአርክቲክ ምድር ነው።

3 ሰዓት ካለፈ በኋላ ንስሮቹ መነሣት ጀመሩ። ወጣቱ እንዳስረዳን፣ እንደ ስቴፕ ንስር ያሉት ትልልቅ ወፎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ የሚጓዙት ከሞቀ መሬት በሚነሣው አየር ላይ እየተሽከረከሩ ነው፤ በባሕር ላይ ይህ አየር ስለማይገኝ ሰፊውን ውሃ ይሸሻሉ። ስለዚህ በመከር ከእስያ ሲመጡ ብዙዎቹ የመን ድረስ በየብስ ወርደው፣ ባሕሩ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሚጠብበት በባብ ኤል መንደብ በኩል ወደ ጅቡቲ ይሻገራሉ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በዚያ መተላለፊያ በአንድ የመከር ወቅት ብቻ ከ200 ሺህ በላይ አዳኝ አሞሮች ተቆጥረዋል። ከዚያ ወዲህ ስምጥ ሸለቆው ራሱ መንገዳቸው ነው። አዲስ አበባ ያለው ድርጅት «ንስሮቹ ሲሞቅ ነው የሚነሡት» ብሎ ለመዘግየቱ ማመካኛ ያደረገውን ነገር፣ ይህ ልጅ ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ ጣቱን ወደ ሰማይ ቀስሮ አሳየን።

ከሐይቁ ስንወጣ 4 ሰዓት ነበር፤ የድርጅቱ ሾፌር 2 ሰዓት ላይ ሊወስደን ቢቀጠርም ሳያማርር ጠብቆናል፣ ለዚህ ከልብ አመሰግነዋለሁ። ወደ አብያታ ያደረግነው ጉዞ ግን ችኩል ነበር። ሐይቁ እጅግ ሸሽቷል፤ የቡልቡላ ወንዝ ውሃ በመቀነሱና ለሶዳ አሽ ማምረቻ በሚቀዳው ውሃ የተነሣ የቀድሞው ዳርቻ ነጭ አፈር ሆኗል። ፍላሚንጎዎቹ ከሩቅ ይታያሉ፤ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ ጫጩት የሚፈለፍሉት ፔሊካኖች ግን ዓሣው ከአብያታ ስለጠፋ ምግብ ፍለጋ ወደ ሌሎች ሐይቆች መብረር ግድ ሆኖባቸዋል። ለዚህ ስፍራ ሙሉ ቀን ያስፈልግ ነበር። ማደሪያው ንጹሕ ነው፣ ሙቅ ውሃም አለው።

ከውጭ ለምትመጡ ወገኖቼ የምለው፣ ማለዳውን የምትፈልጉ ከሆነ ከአዲስ አበባ በሌሊት እነሣለሁ ብላችሁ አትመኑ፤ ዋዜማውን ባቱ ገብታችሁ እደሩ። ጀልባና የወፍ አስጎብኚ እዚያው ከማኅበሩ ያዙ፣ የሰሌዳውን ዋጋ አንብቡ፣ ደረሰኝ ጠይቁ። ከድርጅት ጋር የምትዋዋሉም ከሆነ የሚመጣው ባለሙያ ቴሌስኮፕ እንዳለውና ወፍ እንደሚያውቅ ከመክፈላችሁ በፊት ከራሱ አንደበት ስሙ። እኔ የተሰረዘውን የጀልባ ጉዞ፣ ያልመጣውን ባለሙያና የጠፋውን ጠዋት ዘርዝሬ ገንዘቡ እንዲመለስልኝ ለድርጅቱ በጽሑፍ አመልክቻለሁ፤ ይህን እስከጻፍኩበት ቀን ድረስ ማመልከቻው መድረሱን እንኳ አልገለጹልኝም።