የባሰ አታምጣ፦ አሥር ወር ከርካሽ የዓሣ ዘንግና ከግትር ፍሬኑ ጋር

ይህን ስጽፍ የዓሣ ዘንጌ ሪል፣ ማለትም ክሩ የሚጠቀለልበት መዘውር ያለው ዕቃ፣ ጋዜጣ ላይ ተበታትኖ ፊቴ አለ። ነሐሴ ነው። ባሕር ዳር ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው። ነጭ ዓሣውም እንቁላሉን ሊጥል ወደ ገባር ወንዞች የሚወጣበት ጊዜ ስለሆነ ዘንጌን ሰቅያለሁ። ስለዚህ ጊዜ አለኝ። ንዴትም አለኝ።

ባለፈው ጥቅምት አዲስ አበባ ለሌላ ጉዳይ ሄጄ ነው የገዛሁት። ዘንጉና ሪሉ በአንድ ማሸጊያ፣ 5 ሺህ 200 ብር። ማሸጊያው ላይ አፉን የበረገደ አረንጓዴ ዓሣ ተስሏል፤ ከሥሩ በፈረንጅ ፊደል «ባስ» ይላል። ቤት ገብቼ ለእናቴ «ባስ ነው የሚባለው» ስላት፣ ቀና ሳትል «የባሰ አታምጣ» አለች። ያን ቀን ስቄያለሁ።

ባስ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ የለም። እዚያ አገር እሱን ለማጥመድ የሚያብዱ ሰዎች አሉ፤ የዘንግና የሪል ገበያው ግማሹ ለእነሱ ሲባል የተሠራ ነው የሚመስለው። ጆርጅ ፔሪ የሚባል የጆርጂያ ወጣት ገበሬ እ.ኤ.አ. በ1932 ከ10 ኪሎ ትንሽ የሚያልፍ ባስ ያዘ። በ2009 አንድ ጃፓናዊ ቢዋ ሐይቅ ላይ የሚስተካከለውን ይዞ ክብረ ወሰኑን ተጋራው እንጂ የሰበረው የለም። ፔሪ ዓሣውን አስመዘነ፣ ቤቱ ወሰደው፣ ከቤተሰቡ ጋር በላው። ይሄን ሳነብ ሰውየው የኛ አገር ሰው ነው አልኩ።

ታዲያ የባስ ዘንግ ለጣና ምን ይሠራል? እኔም ሻጩ የተረፈውን ሊያራግፍብኝ ነው ብዬ ጠርጥሬ ነበር። ግን ይሠራል። ነጭ ዓሣ ብለን በአንድ ስም የምንጠራው አንድ ዓይነት አይደለም፤ ተመራማሪዎች ጣና ላይ 15 ዓይነት ቆጥረውለታል፣ ከነሱ ስምንቱ ሌላ ዓሣ አሳድደው የሚውጡ ናቸው። የሚያብለጨልጭ የማንኪያ ቅርጽ ያለው ብረት ውኃ ውስጥ ስትጎትትላቸው ትንሽ ዓሣ መስሏቸው ይከተላሉ። ባስም የሚያዘው እንዲሁ ነው። ደግሞ እነዚህ አዳኞች መንጋጋቸው ላይ ጥርስ የላቸውም፤ ጥርሳቸው ጉሮሯቸው ውስጥ ነው። ክር አይቆርጡም ማለት ነው። የእኔን ክር የበጠሰው ሌላ ነው፤ እመጣበታለሁ። ቆሮሶ ፈልገህ ከሆነ ግን ለዚህ ሁሉ ብር አታውጣ። ቆሮሶ ብረት አያሳድድም፤ ትልና ሊጥ ይበቃዋል። አምባዛም ቢሆን ማታ ከሥር የምታስቀምጥለትን ነው የሚበላው።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ደህና ነበሩ። ወረወርኩ፣ ጎተትኩ፣ አንዳንዴ ያዝኩ። በዐቢይ ጾም ዓሣ ሲወደድ ቤት ውስጥ ለአንድ ሳምንት ተወድጄ ሰነበትኩ። (ዓሣ የጾም ነው አይደለም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም። እናቴ አትበላም፣ አጎቴ ይበላሉ፣ አንድ ማዕድ ላይ ይቀመጣሉ።)

ከዚያ ግንቦት መጣ።

እሑድ ጠዋት ነው። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ ድንጋይ ላይ ቆመናል፣ እኔና አጎቴ። ጉማሬዎቹ ራቅ ብለው ጆሯቸውን ያራግፋሉ። አጎቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ይዘው የዓባይን በረሃ ከጎሐ ጽዮን ደጀን ሲመላለሱ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሳቸው ማጥመጃ አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው። ክሩን ጠርሙሱ ላይ ጠቅልለው፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና ብሎን አስረው ይወረውሩታል። ብሎኑ ለክብደት ነው። በቃ። የኔን ዕቃ ከጥቅምት ጀምሮ እያዩ ምንም አላሉም። እሳቸው ዝም ካሉ ደግሞ አንድ ነገር አለ።

ሦስተኛው ውርወራ ላይ ያዘኝ። እንደ ሌላው ጊዜ መታ መታ አላደረገም፤ ዘንጉን ወደ ውኃው አጎነበሰው። ዓሣው ዞሮ ወደ ጥልቁ ሄደ። እዚህ ላይ ሪሉ «ዝርርር» ማለት ነበረበት። የሪል ፍሬን ሥራው እኮ ይኼ ነው፤ ዓሣው ሲበረታ ክር ይለቅለታል፣ ሲደክም ትጎትታለህ። የኔው ዝም አለ። ክሩ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ። ወዲያው ጧ።

ዓሣው የለም። ብረቷም የለችም። ዘንጉ ቀና ብሎ እንደ ሞኝ ቆሟል።

አጎቴ ጠርሙሳቸውን ሳይለቁ «ፍሬኑ ነክሷል» አሉ።

«አላጠበቅሁትም እኮ!»

«ማጥበቅህን ማን ጠየቀህ? የነከሰ ፍሬን ስትፈልገው አይለቅም፣ ሲለቅ ደግሞ አይይዝም። በረሃው ላይ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አታወራኝም።»

ከዚያ ክራቸውን በሁለት ጣታቸው ቆንጠጥ፣ ለቀቅ እያደረጉ አሳዩኝ። የእሳቸው ፍሬን ጣታቸው ነው። ዋጋው ዜሮ፣ መለዋወጫ አይፈልግም።

አሁን ከሻጩ ጋር እንነጋገር። ሰውየው እዚህ የለም፤ ግን አሥር ወር ሙሉ በሐሳቤ ስጨቃጨቀው ስለኖርኩ የሚመልሰውን አውቀዋለሁ።

«ወንድሜ፣ 12 ኩሽኔታ አለው እኮ!» ይለኛል። አለው። ፈትቼ አይቻለሁ። ግማሾቹ ባይኖሩም ልዩነታቸው የማይታወቅባቸው ቦታዎች ላይ ተቀምጠዋል። አራት ደህና ኩሽኔታ ከ12 ተራ ይሻላል። ካርቶን ላይ የሚጻፈው ግን ጥራቱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው።

«8 ኪሎ የሚይዝ ፍሬን ነው!» ይለኛል። አንተ ልጅ፣ አብሮ የሸጥክልኝ ክር የሚበጠሰው በ4 ኪሎ ተኩል ነው። 8 ኪሎ የሚይዝ ፍሬን ምን ያደርግልኛል? ፍሬን የሚስተካከለው ክሩ ከሚችለው ሩብ እስከ ሲሶ ድረስ ነው፤ ለኔ ክር ከአንድ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ተኩል ማለት ነው። የምፈልገው ጉልበት ሳይሆን ልስላሴ ነው። ለመንቀሳቀስ 4 ኪሎ የሚጠይቅ፣ አንዴ ከተንቀሳቀሰ ግን በግማሽ ኪሎ የሚሮጥ ፍሬን ክር ይበጥሳል። የኔው የሠራው ይህንኑ ነው።

«250 ሜትር ክር ይይዛል!» ጣና ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ነው። አማካዩ 8 ቢሆን ነው። 250 ሜትሩን ምን ላስርበት?

ንዴቴ በረድ ሲል ሪሉን ፈታሁት። ከፊት ያለችውን የፍሬን ማጥበቂያ ታወጣለህ፣ ከሥሯ አንዲት የሽቦ ቀለበት አለች፣ እሷን በመርፌ ታነሳለህ። ከዚያ በተራ የተደረደሩ ስስ ክብ ነገሮች ይወጣሉ፦ ብረት፣ ጨርቅ፣ ብረት። መሃል ያለው ጨርቅ ቅባት ጠጥቶ ለስላሳ መሆን ነበረበት። የኔው እንደ ቋንጣ ደርቆ ብረቱ ላይ ተጣብቋል። በጥፍሬ ስነካው ተፈረፈረ። 5 ሺህ 200 ብር ሙሉ በሙሉ የቆመው እዚህች ሳንቲም የምታክል ጨርቅ ላይ ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ ጥፋቱ የእኔም አለበት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ከውኃ በተመለስኩ ቁጥር ፍሬኑን ጥርቅም አድርጌ አጥብቄ ግድግዳ ላይ እሰቅለው ነበር። እንዳይላላ ብዬ። ሲቀመጥ መላላት ነው ያለበት፤ ካልሆነ ጨርቁ ተጨፍልቆ ይቀራል። ማሸጊያው ውስጥ ይህን የሚናገር አንድ መስመር አልነበረም። የ12 ኩሽኔታው ነገር ግን በሦስት ቋንቋ ተጽፏል።

መለዋወጫ ፈለግሁ። ባሕር ዳር የለም። ለሻጩ ደወልኩ፤ «ለዚያ ዕቃ መለዋወጫ አይመጣም፣ አዲሱን ሞዴል ልላክልህ?» አለኝ። ስልኩን በትሕትና ዘጋሁት። እናቴ ትሕትና አልነበረም ትላለች።

መፍትሔው የተገኘው ሽምብጥ ሰፈር መንገድ ዳር ከሚቀመጥ ጫማ ሰፊ ነው። የደረቀውን ጨርቅ አሳየሁት። አገላብጦ አየው፣ «ምንድነው?» እንኳ አላለኝም። ከቀበቶ የተረፈ ስስ ቆዳ አወጣ፣ በመብሻው መሃሉን በሳ፣ ዙሪያውን በመቀስ ከረከመ። ሦስት ሠራልኝ፣ አንዱ መጠባበቂያ። 60 ብር። በኋላ ሳነብ ነው የገባኝ፤ የድሮ ሪሎች ፍሬናቸው ቆዳ ነበር ለካ። ቆዳውን ግሪስ አጠጥቼ አንድ ሌሊት አሳደርኩት፣ ትርፉን ጠርጌ ገጠምኩት።

ፍሬኑን ለመለካት ሚዛን አያስፈልግህም። የሃይላንድ ጠርሙስ፣ የሊትር ተኩሉን፣ ውኃ ሞልተህ ክሩ ጫፍ ላይ እሰር። ክሩን ዘንጉ ላይ ባሉት ቀለበቶች ውስጥ አሳልፈህ ጠርሙሱን ከመሬት አንሣው። ሳይንገጫገጭ ቀስ እያለ ከወረደ ተስተካክሏል። ዝም ብሎ ከተንጠለጠለ አላላው። ዱብ ካለ አጥብቀው። ዱሮ የኔው ይንጠለጠል፣ ይንጠለጠል፣ ከዚያ ዱብ ይል ነበር። ቆዳው ከገባ በኋላ እንደ አሳንሰር ይወርዳል። ሰኔ ላይ፣ ክረምቱ ሳይጠና፣ ሁለት ጊዜ ወጣሁበት። በሁለተኛው ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ነጭ ዓሣ ያዘኝና ሦስት ጊዜ ክር ወሰደ፣ ሦስት ጊዜ «ዝርርር» አለ። አጎቴ ድምፁን ሰምተው ዘወር አሉ። ለእሳቸው ይህ ብዙ ነው።

ስለ ዘንጉ አልተናገርኩም፤ ምክንያቱም ዘንጉ ምንም አላደረገኝም። ፋይበር ግላስ ነው፣ ሁለት ቦታ የሚገጣጠም፣ ርዝመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው። ከካርቦን ከተሠራ ዘንግ ይከብዳል፣ ዓሣው ሲቀምስልህም እንደ ካርቦኑ ቶሎ አይነግርህም። ግን ባጃጅ በር ውስጥ ተቀርቅሮብኛል፣ አንዴም የወንድሜ ልጅ ፈረስ አድርጎ ጋልቦበታል። ካርቦን ቢሆን ሁለቴ ተሰብሮ ነበር። ያየሁበት ጉድለት አንድ ነው፦ ከጫፉ ሁለተኛው ቀለበት ውስጡ ተሰንጥቆ ክር እየላገ ነበር። በዓይን አይታይም። ጥጥ በቀለበቱ ውስጥ ሳሳልፍ ስንጥቁ ያዘውና አወቅሁት። ቀየርኩት፣ አለቀ።

ስለዚህ የሚጠይቁኝ ጓደኞች «ግዛ ነው አትግዛ?» ሲሉኝ እንደ ቀኑ ነው የምመልሰው። ግንቦት ላይ ብትጠይቀኝ ዓባይ ውስጥ ወርውረው እልህ ነበር። ዛሬ ግን ቆዳው ሠርቷል፣ ቡናውም ደርሷል፤ እንዲህ እልሃለሁ፦ ዘንጉን ርካሹን ፋይበር ግላስ ግዛ፣ አትቆጭም። ሪሉን ለብቻው ግዛ፣ ያለህን ብር እሱ ላይ አውጣ። አንድ ላይ በታሸገ ዕቃ ውስጥ ሻጩ ብር የሚቆጥበው ሪሉ ላይ ነው። ሱቅ ውስጥ ኩሽኔታ አትቁጠር። የክሩን ጫፍ ይዘህ፣ ፍሬኑን በመጠኑ አላልተህ፣ በጣም ቀስ ብለህ ሳብ። ሲነሳ ከተንገጫገጨ መልስለት። ሻጩ «ሲለመድ ይለሰልሳል» ይልሃል። የኔው ከጥቅምት እስከ ግንቦት አልለመደም።

ይመለስልኝ ብልስ? አልመልሰውም። ለምን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ምናልባት ስድሳ ብር የፈጀው ቆዳ የኔ ስለሆነ ይሆናል።

ከዚያ 250 ሜትር ክር ግማሹን ቆርጬ ለአጎቴ ሰጠኋቸው። ትናንት ዝናቡ ፋታ ሲሰጥ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ሲጠቀልሉ አየኋቸው። አሮጌው ጠርሙስ አይደለም፤ አዲስ ነው፣ የሁለት ሊትር። ምነው ብላቸው፣ «ሞዴል ቀየርኩ» አሉኝ።