ለደሴው ቆርቆሮ ሠሪ አባታችን ምስጋና፤ የአሻንጉሊት ቤቴን ጣሪያ እንደ ሰው ቤት ጣሪያ ለሠሩልኝ

ሰላም የሀገሬ ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ። ይህን የምጽፈው ሰኞ ገበያ አካባቢ ቆርቆሮ የሚሠሩ አንድ አባትን ለማመስገን፣ ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ስማቸውንና ስልካቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስለነገሩኝ ቃላቸውን አከብራለሁ፤ ሰፈሩ እንደሚጠራቸው «አባባ» እያልኩ ልቀጥል። ሥራቸውን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ደሴ ያለ ሰው ከሆነ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ።

ነገሩ የአሻንጉሊት ቤት ነው። አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በ1979 ዓ.ም. እኔና እህቴ ልጆች ሳለን ማታ ማታ ከሥራ ሲመለስ እየተቀመጠ የራሳችንን ቤት አሳንሶ ሠራልን። ሳሎን፣ መኝታ ቤት፣ ከኋላ ማድ ቤት። ግድግዳው በባህር ዛፍ ፍላጭ ተማግሮ በጭቃ የተመረገ ነው፤ ወለሉ ኮምፔርሳቶ፣ ጣሪያው ከዘይት ጣሳ የተቆረጠ ቆርቆሮ። በሩ እንደ እውነተኛ በር ይከፈታል፣ ይዘጋል። እኔም ካደግሁ በኋላ ይኸው ሥራ ያዘኝና ቅዳሜና እሁዴን ለሱ ሰጠሁ። እስካሁን ሦስት ሠርቻለሁ፤ አንዱ በላሊበላ እንደምናያቸው ያለ ባለ ፎቅ ክብ የድንጋይ ቤት ነው፣ ደረጃው በውጭ በኩል የሚወጣ። ለክዳኑ የስፌት አክርማ ገዝቼ እየሰነጠቅሁ ነው የከደንሁት። የአባቴን ቤት ግን ለመንካት እጄ አልደፈረም ነበር።

ጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ከደሴ ስንወጣ ቤቱን ከአልጋ ሥር ገፋ አድርገን፣ ነጠላ አልብሰን ሄድን። ስንመለስ አልጋውም አልነበረም። ቤቱን ጓሮ አገኘሁት። ጣሪያው ተጨፍልቋል፣ አንዱ ግድግዳ ምርጊቱ ረግፎ ማገሩ ይታያል፣ በሩ የለም። ብዙ ሰው ከዚያ እጅግ የከበደ ነገር ባጣበት ጊዜ ስለ አሻንጉሊት ቤት ማልቀስ አሳፍሮኝ ዝም አልኩ። አንስቼ በካርቶን አስቀመጥሁት።

ለመጠገን የተነሳሁት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። መጀመሪያ ልኬት ወሰድሁ። በሩ የነበረበት ክፍት ቦታ ቁመቱ 17 ሴንቲ ሜትር ሆነ። የአሮጌው ቤታችንን በር ብለካው 2 ሜትር ከ4። ለ12 ሲካፈል ልክ 17! መስኮቱንም፣ የግድግዳውንም ከፍታ ሞከርሁ፤ ሁሉም አንድ ለአስራ ሁለት ነው። በዓለም ላይ የአሻንጉሊት ቤት የሚሠሩ ሰዎች አብዝተው የሚጠቀሙበት ልኬት ይኸው ነው፤ አንድ ጫማ፣ ማለትም 12 ኢንች፣ ወደ አንድ ኢንች ይወርዳል። ለእንግሊዟ ንግሥት ሜሪ አርክቴክቱ ኤድዊን ለትየንስ ነድፎት እ.ኤ.አ. ከ1921 እስከ 1924 የተሠራው፣ ዛሬ ዊንድሶር ቤተ መንግሥት ያለው ዝነኛ የአሻንጉሊት ቤትም በዚሁ ልኬት ነው፤ መብራቱ ይበራል፣ ከቧንቧው ውሃ ይወርዳል። አባቴ ይህን ሰምቶ ያውቅ ነበር ብዬ አላስብም። የእንጨት ታጣፊ መለኪያው ግን በጫማና በኢንች የተሸነሸነ ነበር። ቤታችንን በጫማ ለክቶ፣ ለኛ በኢንች ሠራው። ይህ የገባኝ ቀን መለኪያውን ይዤ ለረጅም ጊዜ ተቀመጥሁ።

ምርጊቱን ራሴ ሠራሁት። ጭቃውን በወንፊት ነፍቼ፣ የጤፍ ጭድ በመቀስ አድቅቄ፣ ለስድስት ቀን አቡክቼ። ቆርቆሮ ግን አልችልም። አንድ ወርክሾፕ ወስጄው ነበር፤ ለጥ ያለ ላሜራ ቆርጠው በትልቅ ሚስማር መቱበትና የአባቴን ወጋግራ ሰነጠቁት። «ለልጅ መጫወቻ ምን አስጨነቀሽ» አሉኝ። ላሜራውን ነቅዬ ቤቱን ወደ ካርቶኑ መለስሁት።

አባባ ጋር ያደረሰችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ኩራዝና ማንቆርቆሪያ ታስጠግን ነበር። ቤቱን ሳሳያቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አድርገው ዙሪያውን አዩት፣ በጣታቸው የማድ ቤቱን ጥግ ነካ ነካ አደረጉና መጀመሪያ የጠየቁኝ እንዲህ ነው፦

«ልጄ፣ እናንተ ቤት ዝናቡ በየት በኩል ነው የሚመታው?»

«በቶሳ ተራራ በኩል» አልኳቸው።

«እንግዲያው ከወዲያኛው ጫፍ ነው የምንጀምር። መደራረቢያው ለነፋሱ ጀርባውን መስጠት አለበት። አብሽሪ፣ ይሠራል።»

ሰውዬውን የወደድኳቸው ያኔ ነው። እውነተኛ ቤት ሲከደን ቆርቆሮው ነፋስ ከማይመታው ጫፍ ተጀምሮ ይደረደራል፣ አለበለዚያ ነፋሱ ዝናቡን በመደራረቢያው ሥር ያስገባዋል። የአባቴ ቤት ሳሎኔ ውስጥ መደርደሪያ ላይ እንደሚቀመጥ ነግሬያቸዋለሁ። ቢሆንም እንደዚያ ነው የከደኑት።

ዋናው ጭንቅ ሞገዱ ነበር። የቤታችን ቆርቆሮ ከአንዱ ጉብታ እስከ ቀጣዩ 7.5 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ሲያንስ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንዲህ ያለ ቆርቆሮ የሚሸጥ የለም። እኔ የለስላሳ ጣሳ ይዤ ሄጄ ነበር፤ አገላብጠው አዩትና «ይሄ አሉሚኒየም ነው፣ ብየዳ አይዝልሽም» ብለው የቲማቲም ድልህ ጣሳ አመጡ። ቀዶ መዘርጋት፣ በእንጨት መዶሻ ማስተካከል። ከዚያ ቀጥ ያለ ሽቦ እኩል እኩል ቆርጠው ጣውላ ላይ በ6 ሚሊ ሜትር ርቀት ጎን ለጎን ቸነከሩ። ጣሳውን ከላይ አጋድመው በሌላ ሽቦ በየመሀሉ አንድ አንድ መስመር እየተጫኑ አወረዱት። አንዱን መስመር ሳይጨርሱ ሁለተኛው ከተነካ ቆርቆሮው ይሳባል፣ ስፋቱም ይዛባል፤ ሦስቱን አበላሽተው ጥለዋል። አራተኛው ሲወጣ በጥፍራቸው ቢቧጥጡት ክርርር አለ፣ ልክ እንደ ትልቁ።

ሚስማሩንም ልንገራችሁ። የቆርቆሮ ሚስማር ጉብታው ላይ ይመታል፤ ገንዳው ላይ ከተመታ ውሃው የሚሄደው በዚያ ስለሆነ ቤቱ ያፈሳል። አባባ የልብስ ስፒል ከራሱ በታች አሳጥረው ቆርጠው፣ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ የምስር ፍሬ የምታህል ክብ በየሥሩ አድርገው፣ አንድ በአንድ ጉብታው ላይ ሰኩት። 64 ሚስማር ነው፣ ቆጥሬዋለሁ። ወጋግራው እንዳይሰነጠቅ በመጀመሪያ በትኩስ መርፌ በሱት።

የንግሥቲቱን ቤት ታሪክ ስነግራቸው በጣም ገረማቸው። «ውሃ ካለውማ አሸንዳም ያስፈልገዋል» ብለው ለኛም አሸንዳ ጨመሩ፤ ገንዘብ ያልተነጋገርንበት ሥራ ነው። ከአሸንዳው ሥር የሚቆም በርሜልም፣ ቁመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ ጠርዙ በእጥፋት የተያያዘ፣ ቂጡ ብቻ በካውያ የተበየደ።

ሲያስረክቡኝ ጣሪያው ላይ በማንቆርቆሪያ ውሃ አፈሰሱበት። ልቤ ቀጥ አለ፤ ምርጊቱ ጭቃ ነው! ውሃው በገንዳዎቹ ወርዶ፣ በአሸንዳው ሄዶ፣ በርሜሉ ውስጥ ጠብ ጠብ አለ። ግድግዳው ላይ አንዲት እርጥበት አላየሁም።

ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ለዚህ ነው። የተጨፈለቀውን የአባቴን ቆርቆሮ ጥዬው ነበር የመጣሁት፣ የዛገ ነው ብዬ። «ሂጂና አምጪው» አሉኝ። አንዱን ቁራጭ ብቻ፣ ዝገቱ ያልበላውን፣ ሁለት ቀን ሙሉ በእንጨት እየደገፉ አቀኑትና የማድ ቤቱ ላይ መልሰው ከደኑበት። ከውጭ ጠቆር ብሎ ይለያል። በማድ ቤቱ በር አጎንብሳችሁ ወደ ላይ ብታዩ የዘይት ጣሳው ቀይ ጽሕፈት ተገልብጦ ይታያል። ልጅ ሳለን እህቴ ፊደል የቆጠረችው እዚያ ላይ ነው። ባለፈው ስትመጣ ምንም ሳልነግራት ወለሉ ላይ በጀርባዋ ተኛችና ዓይኗን ወደ ማድ ቤቱ በር አስጠግታ አነበበችው። ከዚያ ለረጅም ጊዜ አልተነሳችም።

የከፈልሁት 2,200 ብር ነው። ግማሹን ቀብድ ይቀበላሉ፣ ሥራው ሦስት ሳምንት ፈጅቷል። ልጨምርላቸው ብል «የተነጋገርነው በረካ አለው» ብለው መለሱልኝ። አባባ፣ አላህ እጅዎን ይባርክልን፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

ለምትሄዱ ሰዎች፦ ልኬታችሁን በሴንቲ ሜትር ጽፋችሁ ያዙ፣ ከቻላችሁ የእውነተኛውን ቤት ፎቶ ጨምሩ፤ ደጋግመው ያዩታል። የእንጨት ሥራ አይቀበሉም፣ በርና መስኮት ሌላ ሰው ጋር ነው። ማንቆርቆሪያ፣ ኩራዝ፣ የምድጃ ጭስ ማውጫም ይሠራሉ፣ ማለትም ሥራቸው የኔ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሰኞ ገበያተኛው ስለሚበዛባቸው ለመነጋገር አይመችም። ዓርብ ለጁምዓ ዘግተው ይወጣሉ፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ታገኟቸዋላችሁ።