የኤሌክትሪክ ሽቦው ሥር ቦታ አለ፣ ተሳፋሪ የለም፦ የደብረ ብርሃን ትራንስፖርት ከውጭ በመጣ ሰው ዓይን

ከላምበረት መናኸሪያ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሚኒባስም ኮስትርም አይጠፋም። መኪናው የሚነሳው ሰዓት ደርሶ ሳይሆን ወንበሩ ሞልቶ ስለሆነ በጠዋት መድረስ ይሻላል። የሻንጣው ሒሳብ ከታሪፉ ውጭ ነው፤ ዕቃው ፖርቶ መጋላ ላይ ከመታሰሩ በፊት ዋጋውን መጨረስና ሸራ መኖሩን ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በቀር ይህ የጉዞው ክፍል ደህና ነው።

የሚያስቸግረው ከተማው ውስጥ ነው። ሚኒባሱ ከአስፋልቱ አይወጣም፤ ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ያለው ሁሉ የባጃጅ ነው። ባጃጅ ከኋላ ሦስት ሰው ይይዛል፤ ከተማው ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ እንዲህ ያለው ትንሽ ሞተር ቆላ ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ካርቡሬተሩ ለዚህ ከፍታ ካልተስተካከለ ደግሞ ነዳጅ ይበዛበትና ጥቁር ጭስ እየተፋ በአንደኛ ማርሽ ይጎተታል። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የያዘ ሰው ኮንትራት ቢይዝ ለራሱም ለሾፌሩም ይቀላል።

ከካናዳ ወይም ከአሜሪካ የመጣ እንግዳ ይህን ሲያይ አንድ ጥያቄ ይነሳበታል። በከፍተኛ ኃይል ተሸካሚው መስመር ሥር ያለው ባዶ ቦታ ለምን የአውቶቡስ መንገድ አይሆንም? ረጅም ዛፍ ስለማይፈቀድበት በባሕር ዛፉ መካከል የተጠረገ ጎዳና ይመስላል። ቀርበው ሲያዩት ሣር አለ፣ በግ የሚጠብቅ ልጅ አለ፣ ለማገዶ የተከመረ ኩበት አለ። የእግር መንገድም አለ፤ መንገዱ ግን ሽቦውን ተከትሎ አይሄድም፣ አግድም ያቋርጠዋል። ሰው ከቤቱ ወደ አስፋልቱ፣ ወደ ገበያው፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ነው የሚሄደው። ከምሰሶ ወደ ምሰሶ የሚጓዝ የለም።

ሐሳቡ በሌላ አገር ተሞክሯል። ቶሮንቶ ውስጥ በፊንች አካባቢ በኤሌክትሪክ መስመሩ ሥር በ2009 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ለአውቶቡስ ብቻ የሆነ መንገድ ተከፍቶ ተማሪዎችን ከምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ ወደ ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ያመላልስ ነበር። በደንብ ሠርቷል፤ ምክንያቱም በአንዱ ጫፍ ጣቢያ፣ በሌላው ጫፍ ዩኒቨርሲቲ ነበረ፣ መሐል ላይ ተሳፋሪ ፍለጋ መቆም አላስፈለገም። በ2017 ባቡሩ ራሱ ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሲገባ በዚያ መንገድ ይሄድ የነበረው 196 ቁጥር አውቶቡስ ቀረ። ቺካጎ ውስጥ ወደ ስኮኪ የሚሄደው ባቡርም በ1925 በተከፈተና የኤሌክትሪክ ማማዎች አብረውት በሚሄዱ መስመር ላይ ነው የሚሮጠው። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪኩም የባቡሩም ባለቤት አንድ ባለሀብት፣ ሳሙኤል ኢንሱል፣ ስለነበር ቦታውን ለመጋራት የሚጨቃጨቅ አልነበረም። ሁለት መሥሪያ ቤት ሲሆን ነገሩ ሌላ ነው፦ ሽቦ በተበጠሰ ወይም ሽቦውን ከማማው ለይቶ የሚይዘው ሲኒ በተሰበረ ቁጥር ክሬኑ መንገዱ መሐል ይቆማል፣ አውቶቡሱም ይቀራል።

ከሁሉ በላይ መታየት ያለበት ግን ሽቦው ከመሬት ያለው ከፍታ ነው። ሽቦ በሁለት ማማዎች መሐል ይረግባል፤ ሙቀትና ጭነት ሲጨምር ደግሞ የበለጠ ይወርዳል። ስለዚህ የሚለካው ማማው አጠገብ ሳይሆን መሐሉ ላይ፣ ያውም ለከፋው የሙቀትና የጭነት ሁኔታ ተሰልቶ ነው። በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ዝቅተኛው ቦታ 7.5 ሜትር ነው እንበል። የዚህ አካባቢ ጥቁር ዋልካ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ መንገድ ለመሥራት አፈሩን ቆርጦ ማውጣት፣ በገረጋንቲ መሙላት፣ ከጎርፍ በላይም ከፍ ማድረግ ግድ ነው። መንገዱ 1 ሜትር ከፍ ካለ ቀሪው 6.5 ነው። ኮስትር 2.6 ሜትር ይቆማል። ረዳቱ ሻንጣ ሊያስር ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ እጁን ሲያነሳ ሌላ 2 ሜትር ከምናምን ይጨመራል። በእጁና በሽቦው መካከል ከ2 ሜትር ያነሰ ይቀራል ማለት ነው። በአሜሪካ የሥራ ደህንነት ደንብ መሠረት ግን ለዚህ ቮልቴጅ 5 ሜትር ገደማ መራቅ አለበት። ኤሌክትሪኩ ለመግደል መነካት አያስፈልገውም፤ አየሩን ዘሎ ይመጣል። ጣሪያ ላይ ዕቃ በሚጫንበት አገር ይህ በወረቀት የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሌላም አለ። ጎማ ላይ የቆመ ትልቅ አውቶቡስ በሽቦው ሥር ኤሌክትሪክ ይሸከማል፤ መሬት ረግጦ በሩን የሚይዝ ተሳፋሪን ይነዝረዋል። የአሜሪካ ደንብ በዚህ መልክ በሰው የሚያልፈው ከ5 ሚሊ አምፒር እንዳይበልጥ ያዛል። የፌርማታው ቆርቆሮ ጣሪያና የሽቦ አጥሩም በሽቦ ከመሬት ጋር መያያዝ አለባቸው። ከማማው እግር ሥር ደግሞ መሬት ማስያዣ ሽቦ ተቀብሮ ይገኛል፤ የመንገድ ቦይ የሚቆፍር ዶዘር ቢበጥሰው ጉዳቱ የሚታወቀው መብረቅ የመታ ቀን ነው።



ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ልዩነቱ ግልጽ ይሆናል። ሽቦ ከአንዱ ሸንተረር ወደ ሌላው ገደሉን ይሻገራል፤ መኪናው ግን እየተጠማዘዘ ይወጣና በጣሊያን ዘመን በተፈለፈለው ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ከሕዝብ የሚርቀውን አቅጣጫ ይመርጣል፤ አውቶቡስ ሕዝቡ ካለበት መራቅ አይችልም።

ስለዚህ በእኔ ግምት ገንዘቡ የሚገባው አስፋልቱ ላይ ነው፦ በየ400 እና 500 ሜትሩ ነፋስ የሚከልል ፌርማታ፣ የሚነበብ ታፔላ፣ ማታ የማይቋረጥ ስምሪት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ግማሽ ሰዓት ቆሞ መጠበቅ ለአዛውንት ከባድ ነው። ሽቦውን አግድም የሚያቋርጡት የእግር መንገዶች ደግሞ 2 ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲ ሜትር ገረጋንቲና የጎን ቦይ ቢያገኙ በክረምት ጭቃው አይውጣቸውም። ሽቦው ሥር የአውቶቡስ መንገድ የሚያዋጣው በአንዱ ጫፍ ፋብሪካ፣ በሌላው ሠፈር ኖሮ ርቀቱ አጭር ሲሆን ብቻ ነው፤ ያም ቢሆን ዕቃ ጣሪያ ላይ የማይጭን መኪና ይመደብ።

እስከዚያው ግን፣ የዘመዱ ቤት ከደብረ ብርሃን መናኸሪያ በፊት የሆነ እንግዳ ላምበረት ላይ ሻንጣው ሲጫን የሚወርድበትን ቦታ ለረዳቱ ይንገረው፤ ዕቃው ዳር ላይ ይታሰርለታል። መውረጃው ሲደርስ «ወራጅ አለ» ብሎ እዚያው ባጃጅ መያዝ ይችላል።