ደሴ ላይ የጌም ማጫወቻ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ «ያው ነው» የሚላችሁን ሻጭ አትመኑ

ታናሽ ወንድሜ ካርቶኑን ከፈተና ጓደኛው ያወረሰውን ዲስክ ይዞ ማሽኑን ያገላብጥ ጀመር። ፊቱን አየ፣ ጎኑን ዳሰሰ፣ ዘቅዝቆም ተመለከተ። ዲስክ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም። መታለሌ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

የገዛሁት ፒያሳ ካለ አንድ ሱቅ ነው። የጠየቅሁት ዲስክ የሚቀበለውን ትልቁን ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ ነበር። ሻጩ ነጩንና ትንሹን ሲሪስ ኤስ አውጥቶ «ፊደሉ ነው እንጂ ያው ነው፤ ሁሉንም ጌም ያጫውታል፣ አብሽሪ» አለኝ። የተቀበለኝ ግን የትልቁን ዋጋ ነው። ወራት ያጠራቀምሁትን ቆጥሬ ሰጠሁት።

«ሁሉንም ያጫውታል» ያለው እውነት መስሎ ስለሚሰማ ነው የሚያታልለው። ሁለቱም እ.ኤ.አ. በ2020 በአንድ ቀን ነው የወጡት፤ ዋና ፕሮሰሰራቸውም ይቀራረባል። ልዩነቱ ምስሉን በሚሠራው ክፍል ላይ ነው። ኤክስ 12 ቴራፍሎፕ አለው፤ በሰከንድ 12 ትሪሊዮን ስሌት ማለት ነው። ኤስ 4 ብቻ ነው። ተፎካካሪያቸው ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 10.28 ነው። ራማቸውን (ጌሙ ሲሮጥ መረጃውን ለጊዜው የሚይዘውን ክፍል) ብታዩ ኤክስና ፕሌይስቴሽን 5 እያንዳንዳቸው 16 ጊጋባይት፣ ኤስ 10 ጊጋባይት ነው። በ10 እና በ12 ቴራፍሎፕ መካከል ያለውን ልዩነት ዓይን እምብዛም አይለየውም፤ ብዙ ጌሞች በሁለቱ ላይ እኩል ይሮጣሉ። 4 ላይ ሲደርስ ግን ጌም ሠሪዎቹ የምስሉን ጥራት ይቀንሳሉ፣ ጥላውንና ነጸብራቁን ያሳሳሉ፤ ትልቁ ላይ በሰከንድ 60 ምስል የሚሰጠው ጌም እዚህ 30 የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

ቅዳሜ ማሽኑን ይዘን ኮምቦልቻ ወረድን። የአክስታችን ልጅ ፕሌይስቴሽን 5 አለው። አንድ ቴሌቪዥን ላይ እያፈራረቅን ያንኑ የእግር ኳስ ጌም ከፈትን። በእሱ ማሽን የጎሉ መረብ ክር በክር ይታያል፤ በእኛው ሩቅ ያለው ተመልካችና ሣሩ ደብዝዞ ተቀላቅሏል። ወንድሜ ምንም አላለኝም፤ ዝምታው ነው ያመመኝ።

እሱ የጓጓለት ባልደርስ ጌት 3 ነበር፤ ከእኔ ጋር አንድ ቴሌቪዥን ላይ ለሁለት ተከፍሎ የሚጫወቱት። ይህ ጌም ፕሌይስቴሽን 5 ላይ በመስከረም 2023 ሲወጣ ኤክስቦክስ ላይ እስከ ታኅሣሥ ዘገየ (ወሮቹ በፈረንጆቹ ናቸው)፤ ምክንያቱም ኤስ ስክሪን መክፈሉን አልቻለም። በመጨረሻም ያንን ክፍል ከኤስ ላይ አስቀርተው አወጡት፤ የጨመሩት ከዓመት በላይ ቆይተው ነው።

ኤስ ዲስክ ስለማይቀበል ጌሙን ሁሉ በኢንተርኔት ማውረድ ግድ ነው። አንዳንዱ ከ100 ጊጋባይት ይበልጣል። ለዳታ የምንከፍለውን ታውቃላችሁ። 512 ጊጋባይት የተባለው ማስቀመጫም ለጌም የሚተርፈው 364 ገደማ ነው።

ኤስ በራሱ ዋጋ ከተሸጠ መጥፎ ማሽን አይደለም። ነገር ግን በቀለም አትለዩት፤ በ2023 ጥቁር ኤስ፣ በ2024 ደግሞ ዲስክ የማይቀበል ነጭ ኤክስ ወጥቷል። ካርቶኑ ላይ ያለውን ፊደል ራሳችሁ አንብቡ። ሱቁ ውስጥ ከቴሌቪዥን ጋር አስገጥማችሁ ቅንብሩን ክፈቱና የማስቀመጫውን መጠን እዩ። የማሽኑ ሙሉ ስም የተጻፈበት ደረሰኝ ሳትይዙ ገንዘብ አትስጡ። እኔ ልመልስ ስሄድ «ከተከፈተ አይመለስም» ተባልሁ፤ ደረሰኙም ላይ የሰፈረው «ጌም» የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ሁለት ነጫጭ ማሽኖች መስታወቱ ውስጥ ተደርድረው አይቻለሁ።